አፍ መፍቻ ፍለጋ

ስልኬ የጠራው «አካቶ ትምህርት» የሚለውን ሐረግ በዚያ ቀን ለሦስተኛ ወይም ለአራተኛ ጊዜ በተናገርኩበት ሰዓት ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የስብሰባ አዳራሽ፣ በመስታወት በታጠረች ጠባብ የአስተርጓሚዎች ክፍል ተቀምጬ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ደፍቼ፣ አንድ እንግዳ በእንግሊዝኛ የሚያሰሙትን ንግግር ወደ አማርኛ እመልስ ነበር። ጉዳዩ የአካል ጉዳተኛ ሕፃናት የመማር መብት ነው። እንግዳው የሳላማንካን መግለጫ ያወሳሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1994 የ92 መንግሥታት ተወካዮች ስፔን ውስጥ ተሰብስበው፣ መደበኛ ትምህርት ቤቶች ማናቸውንም ሕፃን፣ ያለበት ችግር ምንም ይሁን ምን፣ ተቀብለው ማስተማር እንደሚገባቸው የተስማሙበትን ሰነድ ማለት ነው። ተራዬን ለባልደረባዬ አስረክቤ ወደ ኮሪደሩ ስወጣ ስልኩ እንደገና ጠራ። የልጄ አፀደ ሕፃናት ርዕሰ መምህርት ናቸው።

«ልጅዎን መጥተው ይውሰዱልን» አሉኝ።

«ለዛሬ ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

ጥቂት ዝም አሉና፣ «ዕቃውንም አብረው ይውሰዱለት» ሲሉ መለሱልኝ።

ልጄ ያን ጊዜ አራት ዓመቱ ነበር። በዚያ አፀደ ሕፃናት የቆየው ሦስት ሳምንት ነው። ለባልደረባዬ «ልጄን አሞታል» ብዬ ወጣሁ። ልጄ ግን አልታመመም ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ ለሌሎች ሰዎች አሳብ ቃል ስፈልግ የኖርኩ ሰው፣ የገዛ ልጄን ሁኔታ ለሥራ ጓደኛዬ መንገር አቃተኝ። በዚያን ጊዜ ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት «ለማስረዳት ጊዜ የለኝም» የሚል ነበር። ዛሬ ግን አፍሬ እንደነበር አልክድም። ከዚያ ቀን አንሥቶ ትምህርት ቤት ፍለጋ ሰባት ዓመት ገደማ ተንከራተናል። የማወጋችሁም ይህንኑ ነው።

በአማርኛችን ሕፃን መናገር ሲጀምር «አፉን ፈታ» እንላለን። ከእናት ከአባቱ የሚማረው ቋንቋም «አፍ መፍቻ ቋንቋ» ይባላል። ይህን ሐረግ በሥራዬ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩት አላስታውሰውም። እንግሊዝኛው «የእናት ልሳን» ብሎ ያልፈዋል፤ የእኛው አባባል ግን በመጀመሪያ የታሰረ ነገር እንዳለ ይናገራል። ልጃችን ሦስተኛ ዓመቱን ሲጨርስ አፉን አልፈታም ነበር። ስሙን ስንጠራው አይዞርም። ቆርኪ ይሰበስብና ከሳሎን እስከ ማድ ቤት ደጃፍ በአንድ መስመር ይደረድራል፤ አንዲቱ ቆርኪ ከቦታዋ ከተነቃነቀች ለቅሶው ለጎረቤት ይተርፋል። በእግሩ ጣቶች ይራመዳል። ቡና ሲወቀጥ ሁለት ጆሮዎቹን በእጆቹ ይደፍናል፤ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሙዚቃ ግን ከጓዳ ሰምቶ እየሮጠ ይመጣል። ጆሮውን አስመረመርነው፤ ምንም ጉድለት የለበትም ተባልን።

ዘመድ ሁሉ የየራሱን አጽናናን። «ወንድ ልጅ ይዘገያል»፣ «አባቱም ቢሆን አፉን የፈታው በሦስት ዓመቱ ነው» ይሉናል። እናቴ «ዓይን በልቶት ነው» ብላ ጠበል ወሰደችው። ሰዉ፣ ጩኸቱ፣ ግፊያው አስደንግጦት ሲንቀጠቀጥ ዋለ። አመሻሽ ላይ ተመልሳ መጣችና፣ ምንም ሳትናገር ነጠላዋን አጣጥፋ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ ወደዚያ አልወሰደችውም፤ ጠበሉን በጀሪካን እያስመጣች እቤት ውስጥ፣ ለብ አድርጋ፣ እያንጎራጎረች ታጥበው ጀመር። ይህን ወደደው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ውኃው ትከሻው ላይ ሲፈስስ፣ ቀና ብሎ ፊቷን ይመለከታል። ያን ጊዜ የማንንም ፊት አይመለከትም ነበር።

ሐኪሙ «ኦቲዝም ነው» ያሉን በዚያው ዓመት ነው። እንደ ልማዴ የቃሉን ሥር ፍለጋ ሄድኩ። ከግሪክኛው «ራስ» ከሚለው ቃል ተነሥቶ የስዊሱ ሐኪም ዮጂን ብሎይለር ከመቶ ዓመት በፊት የፈጠረው ቃል ነው፤ በራስ ውስጥ መዘጋትን ለማመልከት። አሜሪካዊው ሐኪም ሊዮ ካነር ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1943 ስለ አሥራ አንድ ሕፃናት በጻፈው ጥናት ዛሬ የምናውቀውን ትርጉም ሰጠው። አማርኛ የራሱን ስም አላወጣለትም። «የአእምሮ እድገት ውስንነት» የሚለውን የሚጠቀሙ አሉ፤ እርሱ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ከኦቲዝም ጋር አብሮ ሊኖርም ላይኖርም ይችላል። ስለዚህ «ኦቲዝም» እያልን እንደ ባዕድ ቃል እንጠራዋለን።

ንባቤ ወደ ሌላም ነገር አደረሰኝ። እኛ አገር እንዲህ ያለ ልጅ ሲወለድ እርግማን ነው፣ የወላጅ ኃጢአት ነው ይባላል። በምዕራቡ ዓለም ደግሞ ለብዙ ዓመታት ጥፋቱ የእናቲቱ ነበር። እናት ፍቅር ስለነፈገችው ነው የተዘጋው ይሉ ነበር፤ ብሩኖ ቤተልሃይም የተባለው ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ በሰፊው አስፋፍቶታል። ይህን አስተሳሰብ ቀድሞ የተቃወመው በርናርድ ሪምላንድ፣ የሥነ ልቡና ባለሙያ ብቻ ሳይሆን ራሱም የኦቲዝም ልጅ አባት ነበር፤ መጽሐፉን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። የኦቲዝም መነሻ የአንጎል እድገት እንጂ የአሳዳጊ ጥፋት እንዳልሆነ ዛሬ ክርክር የለበትም። ይህን ለባለቤቴ በአማርኛ እየመለስኩ ሳነብላት አለቀሰች። ያን ያህል ጊዜ ራሷን ስትከስስ እንደነበር አላወቅኩም።

አራት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው ልጄ መናገር ጀመረ። የተናገረው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ከካርቱን ፊልም የቃረመውን ሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ከነባዕድ ቅላፄው፣ ቃል ሳያጎድል ይደግመዋል። እንግዳ ሲመጣ «ውይ! እንግሊዝኛውን እንዴት ያንበለብለዋል!» እያለ ያደንቃል። እኛ ግን «እማዬ» ብሎ እንደማያውቅ እናውቃለን። ከሚደጋግማቸው አንዱ «መርከቡ ሊነሣ ነው» የሚል ትርጉም ያለው ነበር። ሁለት ወር ፈጅቶብኝ ነው የገባኝ፤ በፊልሙ ውስጥ ይህ በሚባልበት ሰዓት አንድ ልጅ ውኃ እየጠጣ ነው። ልጄ ውኃ ጠምቶት ኖሯል። ከዚያ በኋላ እቤት ውስጥ መዝገበ ቃላት ከፈትኩ፤ በአንድ በኩል እርሱ የሚለው፣ በሌላው በኩል የሚፈልገው።

በዚህ መካከል አንድ ባለሙያ መከሩን። «ሁለት ቋንቋ ያምታታዋል፤ አንዱን ብቻ ያዙ። እንግሊዝኛ ስለጀመረ፣ ትምህርት ቤቶቹም በእንግሊዝኛ ስለሆኑ፣ አማርኛውን ተዉት» አሉን። ታዘዝን። አንድ ዓመት ሙሉ እኔና ባለቤቴ በገዛ ቤታችን ለልጃችን በእንግሊዝኛ ተናገርን። እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም። ሳናስበው አያት ከልጅ ልጇ ጋር እንዳትነጋገር ከለከልናት። ጠበሉን ስታጥበው ማንጎራጎሯን እንኳ ተወች፤ «እንዳላበላሽባችሁ» አለችን። ኋላ ላይ በጉዳዩ የተደረጉ ጥናቶችን እየፈለግኩ ሳነብ ያገኘሁት ሌላ ነው፤ በሁለት ቋንቋ የሚያድጉ የኦቲዝም ልጆች፣ በአንድ ቋንቋ ከሚያድጉት መሰሎቻቸው ይልቅ በዚህ ምክንያት ወደ ኋላ አይቀሩም። ይልቁንም የቤቱን ቋንቋ የሚያጣ ልጅ የቤቱን ሰው ያጣል። አማርኛችን ወደ ቤት ተመለሰ። ያን አንድ ዓመት ግን ለእናቴ ልመልስላት አልችልም።

የትምህርት ቤቱ ፍለጋ ይህ ሁሉ ሲሆን አልቆመም። ሁለተኛው ትምህርት ቤት «ቃለ መጠይቅ» አለው ተባልን፤ የአምስት ዓመት ልጅ ቃለ መጠይቅ! ልጄ ጠያቂዋን አልፎ ግድግዳው ላይ ወዳለው ማብሪያ ማጥፊያ ሄደና መብራቱን ያበራ፣ ያጠፋ ጀመር። «እኛ ባልጠላን፤ የሌሎቹ ወላጆች ቅር ይላቸዋል» አሉን። በትህትና ነው የሸኙን፤ ሻይም ጠጥተናል።

ሦስተኛው ተቀበለው። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። ውድ ነው፤ በዚያ ላይ አጠገቡ የምትቀመጥ ረዳት መምህርት በእኛ ወጪ መቅጠር ነበረብን፤ ክፍያው ከራሱ ከትምህርት ቤቱ ክፍያ ብዙም አያንስም። ደብተሩ በየቀኑ በቆንጆ የእጅ ጽሑፍ ተሞልቶ ይመጣል። የመንፈቅ ዓመቱ ሪፖርት ካርድ «በጣም ጥሩ» ይላል። አንድ ቀን ሳላስበው በዕረፍት ሰዓት ደረስኩ። ልጆቹ በሙሉ ሜዳ ላይ ናቸው፤ ልጄ ብቻውን ክፍል ውስጥ፣ ከኋላ ጥግ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጧል። ረዳቷ አጠገቡ ሆና ደብተሩን ትጽፍለታለች። ልቆጣት አልደፈርኩም፤ እንድታደርግ የተነገራትን ነው የምታደርገው። የባሰ የቆረቆረኝ የራሴ ነገር ነው። የእጅ ጽሑፉ የልጄ አለመሆኑን ከመጀመሪያው አውቅ ነበር። ነገር ግን ጠዋት ጠዋት ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ እንደ ጎረቤት ልጆች ቦርሳ አንግቶ ሲወጣ ሳየው እፎይ እል ስለነበር፣ አንድ ዓመት ሙሉ አልጠየቅኩም። ያ ትምህርት ቤት የተስማማው ለእኔ ነበር።

አራተኛው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ በግቢው ውስጥ የልዩ ፍላጎት ክፍል አለው። አንዲት መምህርት፣ ከስድስት ዓመት ሕፃን እስከ ጎረምሳ፣ ጉዳታቸው የተለያየ አሥራ አራት ልጆች ይዘዋል። በሰባት ዓመት ፍለጋ ካገኘኋቸው ቅን ሰዎች አንዷ ናቸው። «አልመልሰውም፤ ግን ልዋሻችሁ አልፈልግም» አሉን። «በሩ ወደ ዋናው መንገድ ይከፈታል፤ ልጃችሁ ይሮጣል፤ እኔ ደግሞ አንዱን ሽንት ቤት ስወስድ ሌሎቹን የሚይዝልኝ የለም።» እጃቸውን ጨብጠን ወጣን። ሰነዶቹ ላይ «አካቶ» ብዬ የጻፍኩት ቃል በተግባር የሚያርፈው በእኚህ ሴት ጫንቃ ላይ መሆኑን ያን ዕለት ተረዳሁ። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 አጽድቃለች፤ የስምምነቱ 24ኛ አንቀጽ ስለ ትምህርት ነው፤ ደጋግሜ ተርጉሜዋለሁ። አንቀጹ ግን ለመምህርቷ ረዳት አይቀጥርላቸውም።

ስለ ኦቲዝም ትምህርት በአገራችን ሲነሣ የወይዘሮ ዘሚ የኑስ ስም ሳይነሣ አይታለፍም። ከአሜሪካ ተመልሰው አዲስ አበባ ውስጥ የውበት ሙያ ማሠልጠኛ ይመሩ የነበሩት እኚህ ሴት፣ ለገዛ ልጃቸው ትምህርት ቤት ቢያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። የአማርኛን ፊደል ድምፅ መሠረት ያደረገ የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጅተው ነበር። «ኦቲዝም» የሚለውን ቃል በሬዲዮና በቴሌቪዥን ያስለመዱን በብዛት እርሳቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ከእርሳቸው በኋላም ነህምያን የመሰሉ፣ ወላጆች ራሳቸው ያቋቋሟቸው ማዕከላት ተከትለዋል። የሁሉም ታሪክ አንድ ነው፤ በር ያጣች እናት ወይም በር ያጣ አባት የራሱን በር ይከፍታል። ታዲያ ፈላጊው ብዙ፣ ማዕከላቱ ጥቂት ናቸውና እኛም ልጃችንን አስመዝግበን ወረፋ ያዝን። ወረፋው ዓመታት የሚፈጅ ነበር።

በዚያው ሰሞን ለሥራ ወደ ናይሮቢ ሄጄ፣ በዚያ ከሚኖሩ የአገሬ ልጆች ቤት ቡና ተጋበዝኩ። የቤቱ ትልቅ ልጅ እንደ እኔው ልጅ ናት። ትምህርት ቤቱን እንዴት እንዳገኙት ስጠይቃቸው፣ በመጀመሪያ ልጅቱን ያስመዘኗት መሆኑን ነገሩኝ። ኬንያ እንዲህ ያሉ የምዘና ማዕከላትን በየአውራጃው ማቋቋም የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ የልዩ ፍላጎት መምህራንን የሚያሠለጥን ተቋምም በ1986 ተከትሏል። እዚያም ቢሆን ሁሉ አልጋ በአልጋ አይደለም፤ ክፍሎቹ ይጣበባሉ፣ ልጅቱም አማርኛ ትምህርት ቤት ውስጥ አትሰማም። ሆኖም አንድ ነገር አስተማሩኝ። እኔ አራት ትምህርት ቤት ያንኳኳሁት «ትቀበሉታላችሁ?» እያልኩ ነው። ልጁ ምን ይችላል፣ ምን ያውከዋል፣ ምን ያስተምሩታል የሚለውን ግን እኔም አልጠየቅኩ፣ እነርሱም አልጠየቁኝ።

አምስተኛውን ያገኘነው አንዲት እናት ጠቁማን ነው። ከቤታችን ሁለት ታክሲ ይርቃል፤ በኪራይ ቤት ውስጥ ያለ፣ አሥራ ሁለት ልጆች ብቻ የሚማሩበት ትንሽ ትምህርት ቤት ነው። ግቢው ውስጥ የዶሮ ቤትና የጎመን መደብ አለ። ወጣቷ መምህርት ልጁን አላናገረችውም። መሬት ላይ ቁጭ ብላ ከእርሱ ቆርኪዎች አጠገብ የራሷን ቆርኪዎች መደርደር ጀመረች። ከብዙ ጊዜ በኋላ ቀና ብላ ጠየቀችን፤ «እቤት በምን ቋንቋ ታናግሩታላችሁ? እርሱስ ሲፈልግ በምን ይነግራችኋል?»

በአራት ትምህርት ቤት ማንም ያልጠየቀን ጥያቄ ነበር። መዝገበ ቃላቴን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። ገጽ በገጽ አነበበችውና «ኮፒ ላድርገው?» አለችኝ።

እዚያ የሚያስተምሩት በሥዕል ካርድ ነው። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረ ነው፤ ልጁ የሚፈልገውን ነገር ሥዕል አንሥቶ ለሰው ይሰጣል፣ በምትኩ ነገሩን ያገኛል። ከውጭ በተላከላቸው ካርድ ላይ ያለው ግን ፒዛ፣ የመዋኛ ገንዳና የበረዶ ሸርተቴ ነበር። መምህርቷ በስልኳ እያነሣች ሌላ ሠራች፤ እንጀራ፣ የውኃ ጆግ፣ ቆጮ፣ ሽንት ቤት፣ የአያት ነጠላ። የእኔ ሙያ ይህ አይደለምን? ሥራዋን አይቼ ቀናሁባት። ልጄ በሁለተኛው ወር የነጠላዋን ካርድ አንሥቶ ለባለቤቴ ሰጣት። አያቱን ጠየቀ ማለት ነው። ለእናቴ ስልክ ደወልንላትና በማግስቱ መጣች።

ወደ ትምህርት ቤቱ የምንሄደው በሚኒባስ ታክሲ ነው። መጀመሪያ ጩኸቱን ፈርቶ ጆሮውን ይዞ ነበር የሚጓዘው፤ እያደር ለመደው፤ የረዳቱን ጥሪም በልቡ ያጠናው ጀመር። በስምንት ዓመቱ፣ አንድ ቀን ክፍል ውስጥ የቁጥር ትምህርት ሲሰለቸው፣ እርሳሱን አስቀመጠና ጮክ ብሎ «ወራጅ አለ!» አለ።

መምህርቷ አልሳቀችም፤ «ዝም በል»ም አላለችው። ካርዶቹን ሰብስባ «እሺ፣ ወራጅ አለ» ብላ በሩን ከፈተችለት። ወጥቶ ዶሮዎቹን አየና ከአሥር ደቂቃ በኋላ ተመለሰ። ይህን ማታ ስትነግረን ባለቤቴ እየሳቀች ታለቅስ ነበር። ልጃችን አፉን የፈታው በእኔ አማርኛም በእንግሊዝኛም አልነበረም፤ በታክሲ ረዳት አማርኛ ነው። ከዚያ ወዲህ ቡና ሲወቀጥ፣ እንግዳ ሲበዛ፣ ሐኪም መርፌ ሲያዘጋጅ፣ «ወራጅ አለ» ይላል። እኛም እንደ ደኅና ሾፌር እንቆምለታለን። ሁልጊዜ መቆም አንችልም፤ መርፌው መወጋት አለበት። ነገር ግን መስማታችንን ያውቃል፤ እንደ ቀድሞው ራሱን ከግድግዳ አያላትምም።

ምሳሌ የምፈልግላችሁ ተአምር የለም። ልጄ አሁን አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ከሠላሳ የማይበልጡ ቃላት ይናገራል፤ ካርዶቹን ከአንገቱ አይለይም። ጫማውን ራሱ ያስራል። አንዳንድ ሌሊት አይተኛም። የዚያ ትንሽ ትምህርት ቤት ኪራይ በየዓመቱ ይጨምራል፤ እስከ መቼ እንደሚዘልቅ መምህራኑም አይነግሩንም። ከሁሉ የሚያሳስበኝ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላው ነው፤ የሕፃናቱ በር ጥቂት ከሆነ የጎልማሶቹ ከዚያም ያነሰ ነው። እንዲህ ሲጨንቀኝ በካነር ጥናት ውስጥ የመጀመሪያው ልጅ የነበረውን የዶናልድ ትሪፕሌትን ታሪክ አስባለሁ። በሦስት ዓመቱ ወላጆቹ በሐኪሞች ምክር ወደ ሕፃናት ማቆያ ሰደዱት፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ግን መልሰው አመጡት። በሚሲሲፒ በምትገኝ ፎረስት በተባለች ትንሽ ከተማ አደገ፤ ተማረ፤ ከኮሌጅም ተመረቀ፤ በከተማው ባንክ ለብዙ ዘመን ሠራ፤ በ2023 በሰማንያ ዘጠኝ ዓመቱ ዐረፈ። ቤተሰቡ ባለጸጋ መሆኑ ረድቶታል፤ ያን መካድ አይገባም። ነገር ግን ከተማው እንዳለ አውቆት፣ ከነጠባዩ ተቀብሎት ነው የኖረው።

ዛሬ ትምህርት ቤት የሚፈልግ ወላጅ ሲያማክረኝ የምለው ጥቂት ነው። ሳይቀጥሩ በዕረፍት ሰዓት ይሂዱ፤ ልጆቹ የት እንዳሉ ይመልከቱ። በሩ ወዴት እንደሚከፈት ይዩ። ልጁ ሲጨነቅ ምን እንደሚያደርጉ ይጠይቁ፤ «እንቀጣዋለን» ወይም «እንዲህ ያለ ነገር አይገጥመንም» ካሉ ይመለሱ። ደብተሩን ሳይሆን ልጁን ይዩ። በቋንቋችሁ ልጃችሁን አናግሩ። ስለ ልጃችሁ ከመጀመሪያው ቀን ያልዋሻችሁን መምህር ደግሞ፣ ቦታ ባይኖረው እንኳ፣ ስልኩን ያዙ።

ባለፈው ወር እንደገና በዚያው አዳራሽ ስለ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ስብሰባ ነበር። በዕረፍት ሰዓት ስልኬ ጠራ፤ የዚያች ትንሽ ትምህርት ቤት ቁጥር ነው። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ ልማድ ነው። መምህርቷ ዶሮዋ እንቁላል መጣሏንና ልጄ ለአያቱ ካልሰጠሁ ብሎ እንቁላሉን በኪሱ ይዞ መዋሉን ልትነግረኝ ኖሯል። «ሱሪው እንዳያስደነግጥዎ ብዬ ነው» አለችኝ። ባልደረባዬ «ደኅና ነው?» ሲለኝ፣ «ልጄ ነው» አልኩት፤ «ኦቲዝም አለበት፤ ኪሱ ውስጥ እንቁላል ሰብሮ ነው።» እርሱም ወንበሩን አስጠግቶ፣ የእኅቱም ልጅ እንደዚያው መሆኑንና እስከዚያች ሰዓት ለማንም ተናግሮ እንደማያውቅ ነገረኝ። አብረን ሠርተን አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖናል። የትምህርት ቤቱን ስልክ ጻፍኩለት።